ማዘን ይብቃህ፤ ድርሻህን ውሰድ!

ዛሬ ጠዋት ከቤትህ ስትወጣ ስንት ውሻ አየህ?

አንዱ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ተጋድሟል። አንዷ የቆሻሻ ገንዳውን ትዞራለች፤ ጡቶቿ ወርደዋል፤ የሆነ ጥግ ላይ ቡችሎች እየጠበቋት ነው። ሌላው በሦስት እግሩ እያነከሰ አስፋልት ያቋርጣል። አንተም «አይ ምስኪን!» አልክና ታክሲ ውስጥ ገባህ።

ማዘንህ ጥሩ ነው። ልብህ አልደነደነም ማለት ነው።

ግን እስቲ እንጠያየቅ። «አይ ምስኪን» ስንት ውሻ አብልቷል? ስንቱን አስከትቧል? ስንት ቡችላ ከክረምት ጎርፍ አውጥቷል?

አንድም!

ሐዘኔታ እጅ የለውም። እጅ ያለህ አንተ ነህ።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር እንድትወስን እፈልጋለሁ። የከተማውን ውሻ ሁሉ ቤትህ አስገባ አልልህም። አንዲት ድርሻ ምረጥ። አንዲት! ከዚያ በየሳምንቱ ደጋግማት። የዛሬው መልእክቴ ይኼው ነው።

ሰበብህን አውቀዋለሁ

«ግቢ የለኝም፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው።» «ደመወዜ ለራሴም አልበቃ።» «ጊዜ የለኝም።» «ሰው ምን ይለኛል?»

እነዚህ ሰበቦች ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ውሻ መርዳት ማለት ውሻውን ወስዶ ዕድሜ ልኩን ማሳደግ ይመስልሃል።

አንድ ውሻ ከጎዳና ተነስቶ ጥሩ ቤት እስኪገባ ድረስ ብዙ እጅ ይቀባበለዋል። አንዱ ያየዋል። አንዱ በመኪናው ጭኖ ሐኪም ዘንድ ያደርሰዋል። አንዱ የክትባቱን ይከፍላል። አንዱ እስኪያገግም ድረስ ሁለት ሦስት ሳምንት ያስጠጋዋል። አንዱ ጥሩ ፎቶ አንስቶ ይለጥፍለታል። በመጨረሻ አንዱ «እኔ እወስደዋለሁ» ይላል።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን መሥራት አትችልም?

ትችላለህ!

ገንዘብ የሌለው ጊዜ አለው። ጊዜ የሌለው መኪና አለው። መኪናም ግቢም የሌለው ስልክ አለው። «ምንም የለኝም» የሚል ሰው እንኳ አፍ አለው፤ ለጎረቤቱ ይናገርበት!

«ሰው ምን ይለኛል?» የሚለውን ግን ለብቻው እንየው፤ ብዙዎችን አስሮ የያዘው እሱ ነውና። ውሻ የሚናቅበት ባህል ውስጥ እንዳደግን አንካድ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውሻ አይገባበትም። ሙስሊም ቤተሰብም ከምራቁ ይጠነቀቃል። ሥርዓትህን አክብር፤ አፍርሰው ያለህ የለም። ቤት ውስጥ ማስገባት ካልፈለግህ ደጅ ላይ ማደሪያ ሥራለት።

ነገር ግን በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲሄድ አብሯቸው የተጓዘው ማን ነበር? ውሻ! በሐዲስስ በጫማው ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰው ኃጢአቱ እንደተሰረየለት አልተነገረም? ሥርዓትና ርኅራኄ አይጣሉም። ስለዚህ ጎረቤትህ ሲስቅብህ አትሸማቀቅ። ሥራህን ቀጥል። ዛሬ የሳቀው ነገ «የእኔንም ውሻ አስከትብልኝ» ብሎ በርህን ያንኳኳል።

ለምን ያንተ ጉዳይ ሆነ?

«ሰው ተቸግሮ ስለ ውሻ ታወራለህ?» ትለኝ ይሆናል።

አዎ! ምክንያቱም የሰፈርህ ውሻ ጤና የልጅህ ጤና ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ ያህሉ የሚተላለፈው በውሻ ነው። ከሟቾቹ ከ100 ወደ 40 የሚጠጉት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያም በሽታው ሥር ከሰደደባቸው አገሮች አንዷ ናት።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ስማ! ይህን በሽታ በክትባት መከላከል ይቻላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። መቶ በመቶ መድረስ አይጠበቅብህም። ሰባ ይበቃል!

ሜክሲኮ አድርጋዋለች። ውሾቿን ለዓመታት በነጻ ዘመቻ ከተበች። እ.ኤ.አ. በ2019 በውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው የማይሞትባት አገር መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠላት። በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች።

ቡታንም አድርጋዋለች። ትንሽ፣ ተራራማ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 ውሾቿን ማምከንና መከተብ ጀመረች። ሳትሰለች ገፋችበት። እ.ኤ.አ. በ2023 የጎዳና ውሾቿን ሁሉ ማምከኗን አወጀች። አሥራ አራት ዓመት! ጽናት ማለት ይህ ነው።

ውሻን በመርዝ መጨረስስ? በብዙ አገር ተሞክሯል፤ በሽታውን አላቆመም። የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ አይቆይም። ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይመጣና ይይዘዋል። የተከተበና የመከነ ውሻ ግን ሰፈሩን ለሌላ አይለቅም፤ ቡችላም አያበዛም።

ወደ ባሌ ተራሮችም ተመልከት። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። የቀሩት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ከመንደር ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኋላም በ2003 እና በ2008 ገብቶባቸው ብዙዎቹን ፈጅቷል። ባሌ ላይ የአርሶ አደሩንና የአርብቶ አደሩን ውሻ የሚከትቡ ሰዎች ቀበሮውንም እየጠበቁ ነው።

አንድ መርፌ፣ ሦስት ነፍስ! ውሻው፣ ልጁ፣ ቀበሮው።

ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ትፈልጋለህ?

ትልቁ ድርሻ፦ ጊዜያዊ ቤት መሆን

ፎስተር ይሉታል። ውሻውን የራስህ አታደርገውም። እስኪድን ወይም ቋሚ ባለቤት እስኪያገኝ ታስጠጋዋለህ፤ ከዚያ ትሸኘዋለህ። ከድርሻዎች ሁሉ እጅግ የሚፈለገውም፣ ሰው የሚጠፋለትም ይኼኛው ነው።

ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? የውሻ መጠለያዎች ቶሎ ይሞላሉ። አንተ አንዱን ስታስጠጋ መጠለያው ውስጥ ለሌላ አንድ ቦታ ይከፈታል። በአንድ ውሳኔ ሁለት ታተርፋለህ!

ሌላም ጥቅም አለው። ቤት ውስጥ የቆየ ውሻ ጠባዩ ይታወቃል። ልጅ ይወዳል? ድመት ያባርራል? ብቻውን ሲቀር ይጮኻል? ወሳጁ ይህን አስቀድሞ ሲያውቅ በልበ ሙሉነት ይወስደዋል። ከሳምንት በኋላም «አልቻልኩትም» ብሎ አይመልሰውም።

ቡችላ ከሆነ ደግሞ ጊዜ አይጠብቅህም። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ከሰው ጋር መኖርን ይማራል። በእነዚህ ሳምንታት ሰው በፍቅር የዳሰሰው፣ የመኪና ድምፅና የልጅ ሳቅ የለመደ ቡችላ ሲያድግም ሰውን ያምናል። በድንጋይ የተባረረው ፍርሃትን ይማራል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ያንተ ጥቂት ሳምንታት የእሱን ቀሪ ዕድሜ ይወስናሉ!

አንድ ነገር ግን አደራ። ቡችላው ስላሳዘነህ ብቻ ከእናቱ አትንጠቀው። እናቱ ካለች እስከ ስምንተኛው ሳምንት አብረው ይቆዩ። አንተ እናቲቱን አብላ፤ እሷ ልጆቿን ታጠባለች።

ምን ምን ያስፈልግሃል? ከነፋስና ከዝናብ የተከለለ አንድ ጥግ። ካርቶንና አሮጌ ብርድ ልብስ። የውሃ ሳህን። የአንገት ማሰሪያና ገመድ። ጠዋትና ማታ የማትሰርዘው ሰዓት። በቃ!

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆንክ መጀመሪያ አከራይህንና ጎረቤቶችህን አነጋግር። ፈቃዳቸውን ካገኘህ ሌሊቱን የሚያለቅስ ቡችላ ሳይሆን ጸጥ ያለ፣ እያገገመ ያለ ትልቅ ውሻ ውሰድ። ጥበብ ማለት አቅምህን አውቀህ መጀመር ነው።

የራስህ ውሻ ካለህ አዲሱን ወዲያው አትቀላቅለው። ሁለት ሳምንት ለይተህ አቆየው። በተለይ ቡችላ የሚፈጅ ፓርቮ የሚባል በሽታ አለ፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል። ቫይረሱ መሬትና ዕቃ ላይ ለወራት ይቆያል። ሳሙና ብቻውን አይበግረውም፤ በረኪና ግን ይገድለዋል። መጀመሪያ ቆሻሻውን አጥበህ አንሳ። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጠህ አፍስስበት፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው።

ከዚያ ታገሥ። ውሻ በማዳን ሥራ የቆዩ ሰዎች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውሻው ይደነግጣል፤ አልጋ ሥር ይደበቃል፤ ምግብም ሊተው ይችላል። በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል። በሦስት ወር ቤቴ ነው ይላል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን «ይኼ ውሻ አይሆንም» ብለህ አትፍረድበት። ዝም ብለህ አጠገቡ ተቀመጥ። አትጩህበት። ሰዓቱን ጠብቀህ አብላው። እሱ ራሱ ይመጣል!

«እለምደውና መለየት ያቅተኛል» አልክ? ሊያስለቅስህ ይችላል። አልቅስ! ዕንባህ በደንብ መሥራትህን ይመሰክራል። ከዚያ ዓይንህን ጥረግና ቀጣዩን ተቀበል።

እቁብ እናውቅ የለ?

«ገንዘብ የለኝም» ለምትለው መልስ አለኝ። ብቻህን የለህም። አብራችሁ ግን አላችሁ።

እኛ እኮ እቁብ የምንጥል፣ እድር የምንገባ ሕዝብ ነን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ! ታዲያ ለውሻ ማዋጣት እንዴት ያቅተናል?

አሥር የሥራ ባልደረቦች ሰብስብ። እያንዳንዱ በወር የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያዋጣ። ዕጣው በየወሩ ለአንድ የሰፈር ውሻ ይውጣ! በዚህ ወር ለሥጋ ቤቱ ውሻ ክትባት። በሚቀጥለው ወር የትምህርት ቤቱን በር ስትጠብቅ ለከረመችው እናት ውሻ የትል መድኃኒት። ገንዘቡ ሲጠራቀም ለማምከን። በዓመት አሥራ ሁለት ዕጣ ማለት ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ስንት ውሻ አለ? አስላው እስቲ!

አንቺስ እህቴ? የመሥሪያ ቤቱ እቁብ ሰብሳቢ ነሽ? እንግዲያው መሪውን ሩቅ አትፈልጊ። ደብተሩ አንቺ ጋር ነው። ሰዉ ያምንሻል። ዛሬውኑ አንድ ገጽ ግለጪና «የውሻ ዕጣ» ብለሽ ጻፊበት። ከዚያ ማንም ሳያፍር እንዲያዋጣ የመጀመሪያውን ብር አንቺ አስቀምጪ!

ማምከንን ቸል አትበሉት። አንዲት ውሻ ብዙውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች። እርግዝናዋ ወደ 63 ቀን ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ በርካታ ቡችሎች ትወልዳለች። ከጎዳና የምታነሳውን ሁሉ አንስተህ አንዷን ሳታመክን ብትተው በሚቀጥለው ወቅት ሥራው እንደገና ይጠብቅሃል። ምንጩን ዝጋ!

የት ልሂድ? ብለህ አትቸገር። በወረዳህ የሚሠራውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቅ። የግል የእንስሳት ክሊኒኮችን ዋጋ አነጻጽር። ብዙ ውሾች አንድ ላይ ስታመጣ ቅናሽ ጠይቅ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅም ሆነ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ወጣት ሐኪሞችን ያስመርቃሉ። ከእነሱ አንዱን ወዳጅህ አድርግ። አንድ ሐኪም ወዳጅ የብዙ ውሻ መድኅን ነው።

ማብላትም እውቀት ይፈልጋል

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። እውነት ነው! በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ አብላው። ያምንሃል። ያመነህን ውሻ መያዝ ትችላለህ። የያዝከውን ማስከተብ ትችላለህ። ስለዚህ የምታስቀምጠው ሳህን የክትባቱ በር ነው። በዘፈቀደ አትወርውር፤ ፕሮግራም አውጣ።

የተረፈህን ወጥ ግን አትስጠው። ለምን? ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራማ! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ይሆኑበታል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮውንና አንጀቱን ይወጋዋል። የላም ወተት ብዙ ቡችሎችን ያስቀምጣል።

ታዲያ ምን ላብላው? ከሥጋ ቤት ሳንባና ትርፍራፊ ሥጋ በርካሽ ታገኛለህ። ግን ጥሬውን በፍጹም! ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚሠራ ጥገኛ ትል በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ውስጥ ይደበቃል፤ ከዚያ ወደ ውሻ፣ ከውሻው ዓይነ ምድር ደግሞ ወደ ሰው ይሻገራል። ስለዚህ በደንብ ቀቅለው። ጨውና በርበሬ ሳትጨምር ከሩዝ ወይም ከዳቦ ጋር ቀላቅለው። ከጎኑ ንጹሕ ውሃ አስቀምጥ። በበጋ ውሃ ከምግብ ይበልጣል!

ስትጨርስ ቦታውን አጽዳ። ጎረቤት የሚያማርረው በውሻው ሳይሆን በተበተነው ፍርፋሪ ነው። ንጽሕናህ ተቃዋሚህን ዝም ያሰኘዋል።

ስልክህ ሥራ ይሥራ

ቲክቶክ ላይ በቀን ስንት ሰዓት ታጠፋለህ? ከዚያ ላይ ሃያ ደቂቃ ቀንስ።

አንድ ቡችላ ባለቤት ማግኘት አለማግኘቱ ብዙ ጊዜ በፎቶው ይወሰናል። በቀን ብርሃን አንሳው። ጎንበስ በል፤ ካሜራውን ከዓይኑ ጋር አስተካክል። ቆሞ ከላይ የተነሳ ፎቶ ማንንም አይስብም። ጽሑፉን አጭር አድርግ፦ ፆታው፣ የሚገመተው ዕድሜ፣ ተከትቧል ወይ፣ ጠባዩ፣ ያለበት ከተማ። «እባካችሁ ሊሞት ነው» እያልክ አታስጨንቅ። ደስ የሚለውን ጠባዩን ንገራቸው። ሰው የሚወስደው ጓደኛ የሚሆነውን ነው።

«የፈረንጅ ውሻ ነው?» ብለው ይጠይቁሃል። አታፈግፍግ! የሀበሻ ውሻ የአገሩን ብርድና ፀሐይ የለመደ፣ ንቁ፣ ጥሩ ጠባቂ ነው በላቸው። በብዙ ሺህ ብር ቡችላ የሚገዛ ሰው በነጻ ጥሩ ወዳጅ እየጠበቀው እንደሆነ የሚያውቀው ከአንተ ነው።

ወሳጅ ሲመጣም ለመጀመሪያው ጠያቂ አትስጥ። ጠይቅ! ማን ያበላዋል? የት ያድራል? አጥር አለ? ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ሊታሰር ነው? ሲታመም ሐኪም ይወሰዳል? መልሱ ካላረካህ «ይቅርታ» በል። ከሰጠህ በኋላም ከሳምንት፣ ከዚያ ከወር በኋላ ደውል። ስልክ መደወል ምን ያህል ያስከፍላል?

ሙያህን አምጣ

ልብስ ሰፊ ነህ? ቁርጥራጭ ጨርቅህ የውሻ ፍራሽ ይወጣዋል። አናጺ ነህ? ከተረፈ ጣውላ አንዲት ማደሪያ ሥራ። ሹፌር ነህ? በወር አንዴ ወደ ክሊኒክ አመላልስ። ሥጋ ቤት አለህ? የሚጣለውን ለይተህ አስቀምጥ። ሒሳብ ሠራተኛ ነህ? የበጎ ፈቃደኞቹን ደብተር ያዝላቸው፤ ግልጽ ሒሳብ ያለው ቡድን እርዳታ ያገኛል።

መምህር ከሆንክማ ወርቅ በእጅህ ነው! አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ ውሻ አስተምር። ድንጋይ አትወርውሩ በላቸው። የሚበላ፣ የሚተኛ፣ ቡችላ የምታጠባ ውሻ አትንኩ በላቸው። ውሻ ሲመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ዓይኑን አትዩ በላቸው። ከሁሉ በላይ፣ ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ያን ቀን ለወላጅ ተናገሩ በላቸው። ቅጣት ፈርቶ የሚደብቅ ልጅ ሕይወቱን ያጣል።

ውጭ አገር ነህ? ዋሽንግተንም ሁን ሌላ የአሜሪካ ከተማ፣ ብዙ የእንስሳት መጠለያዎች ለፎስተር ቤተሰብ ምግቡንና ሕክምናውን ራሳቸው ይችላሉ። ካንተ የሚፈልጉት ቤትና ጊዜ ነው። አመልክት! የአገር ቤቱን የውሻ ዕጣ ደግሞ ከሩቅ ተቀላቀል። ለእረፍት ስትመጣ ሻንጣህ ውስጥ ለአምስት የአንገት ማሰሪያ ቦታ አይጠፋም።

ጀግንነት ከጥንቃቄ ጋር

ስሜትህ አይምራህ። እውቀትህ ይምራህ።

የማታውቀውን ውሻ በድንገት አትንካ። ለሃጩን የሚያዝረበርብ፣ የሚንገዳገድ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ ካየህ ራቅ፤ ልጆችን አርቅ፤ ለሚመለከተው ባለሙያ ተናገር። አጥንት ያነቀው ከመሰለህም እጅህን አፉ ውስጥ አትክተት! የእብድ ውሻ በሽታ መንጋጋና ጉሮሮን ሲያሽመደምድ ውሻው ልክ የታነቀ ይመስላል። ቡችላም በሽታው ሊኖርበት ይችላል፤ ትንሽነቱ አያታልልህ።

ተነከስክ? ተቧጨርክ? ወዲያው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠብ። ሰዓት ይዘህ እጠብ! ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለህ ነገ አትበል። የጀመርከውን ክትባትም እስከ መጨረሻው ጨርስ። ውሻው የሚታወቅ ከሆነ አይገደል፤ አሥር ቀን በጥንቃቄ ተለይቶ ይታይ። ውሾችን አዘውትረህ የምትይዝ ከሆነ ደግሞ ከመነከስህ በፊት ስለሚሰጠው የመከላከያ ክትባት ሐኪም አማክር።

የሰባት ቀን ጅማሮ

ልማድ በትንሹ ነው የሚተከለው። ለአንድ ሳምንት ይህን ሞክር።

ሰኞ፦ በመንገድህ ላይ ያሉትን ውሾች ቁጠር፤ ጻፋቸው።

ማክሰኞ፦ አንዱን ምረጥ። ስም አውጣለት። ስም ያለው ውሻ አይረሳም።

ረቡዕ፦ አንድ ክሊኒክ ደውልና የክትባትና የማምከን ዋጋ ጠይቅ።

ሐሙስ፦ ውሃና የተቀቀለ ምግብ በቋሚ ሰዓት መስጠት ጀምር።

ዓርብ፦ ለሁለት ባልደረቦችህ ስለ «ውሻ ዕጣ» ንገራቸው።

ቅዳሜ፦ ከቤተሰብህ ጋር ተቀመጥ። «ለሦስት ሳምንት አንድ ውሻ እናስጠጋ?» ብለህ ጠይቅ። እናትህ እምቢ ካሉ አትከራከር፤ ሌላ ድርሻ ምረጥ።

እሑድ፦ የእድር ስብሰባ አለ? እጅህን አውጣ። «የሰፈራችንን ውሾች በአንድ ቀን እናስከትብ» በል።

ቀኑንም እኔ ልጠቁምህ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ይውላል! ሰፈሩ ሁሉ ገና ተሰብስቧል። ሰዉ ደስ ብሎታል። ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ታመጣለህ? ከወዲሁ ሐኪሙን አነጋግር። እድሩን አሳምን። ወጣቶቹን አደራጅ። እያንዳንዱ ባለ ውሻ ውሻውን በገመድ ይዞ ይውጣ። ባለቤት የሌላቸውን ደግሞ ሲያበላቸው የከረመ ሰው ያምጣቸው።

አንድ ሰፈር ከተሳካለት ጎረቤቱ ይቀናል። ቅናቱ ወረዳ ይሞላል። ቡታንም ሜክሲኮም ከግባቸው የደረሱት ለዓመታት ሳይሰለቹ በመቀጠላቸው ነው።

ትሰለች ይሆን? ትሰለቻለህ። አንዳንዱን ውሻ ታጣለህ። አንዳንድ ሰው ቃሉን ያጥፋል። ያኔ ያተረፍካቸውን ዝርዝር አውጥተህ አንብብ፤ ተነስና ቀጥል!

አሁን ምን ትጠብቃለህ? ስልክህን አውጣ። የሦስት ጓደኞችህን ስም ፈልግ። እንዲህ ብለህ ጻፍላቸው፦ «የሰፈራችንን ውሾች ልናስከትብ ነው። እኔ ድርሻዬን መርጫለሁ። አንተስ የቱን ትወስዳለህ?»

ጻፍክ? ላከው!